ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ከመግባቱ በፊት በቤትም በነፍስም ምን ይዘጋጅ? (ሰሜን ሸዋ)

ዘጠባሴ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁ። የ2019 ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ማክሰኞ ይገባል፤ ልደት ታኅሣሥ 29 ሐሙስ ይውላል። በመካከሉ 44 ቀን አለ፤ 40ው የነቢያት፣ 3ቱ የአብርሃም ሶርያዊ፣ 1ዱ የገሃድ (የልደት ዋዜማ)።

በብዙ ቤት ጾሙ ሳይታሰብ ይገባል። የመጀመሪያው ሳምንት ሽሮ በማስፈጨትና ዘይት በመፈለግ ያልቃል፤ የመጨረሻው ሳምንት ደግሞ በዶሮና በቅቤ ሐሳብ። ለጾሙ የሚተርፈው መካከሉ ብቻ ነው፤ እሱም በእኛ አገር አጨዳና ውቂያ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ከኅዳር 1 እስከ 14 ባለው ጊዜ የሚሠራውን በዝርዝር እናስቀምጥ። ለአምስት ሰው ቤት ምን ያህል ሽሮ ይበቃል? አጫጆች የጾሙን ሰዓት እንዴት ይጠብቃሉ? ንስሐና ንባብ በምን ቅደም ተከተል ይያዝ? የምታውቁ ጻፉ። «እንደ አቅሚቲ» የሚል መልስ ይቅርብን፤ መጠንና ቀን ጥቀሱልን።

ዲያቆን ዘአንኮበር

ከጓዳው በፊት ንስሐው ይቅደም፤ ምክንያቱም ቀን የሚፈጀው እሱ ነው። ብዙ ሰው የንስሐ አባቱን የሚፈልገው ታኅሣሥ 20 ካለፈ በኋላ ነው። ካህኑ ቀኖና ሲሰጥ ስግደቱም፣ ጸሎቱም፣ ምጽዋቱም የሚፈጸምበት ቀን ይፈልጋል። በሰንበታትና በበዓላት ስግደት ስለሌለ የሰባት ቀን ስግደት የታዘዘ ሰው በተግባር ዘጠኝ አሥር ቀን ይወስድበታል። የታኅሣሥ መጨረሻ ደግሞ በዓል በበዓል ነው፦ 19 ገብርኤል፣ 22 ብሥራት፣ 24 ተክለ ሃይማኖት። ዘግይቶ የመጣ ሰው ቀኖናውን ሳይፈጽም ልደት ይደርስበትና ከቁርባን ይቀራል። ስለዚህ ከኅዳር 1 እስከ 11 ባለው ጊዜ ሂዱ። ኅዳር 12 የሚካኤል በዓል ስለሆነ ካህናቱ ጊዜ የላቸውም፤ ያን ቀን አትጠብቁ።

ስትሄዱ ኃጢአታችሁን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ኑሯችሁንም ንገሯቸው። አጫጅ ነኝ፣ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ፣ አጠባለሁ፣ ሌሊት ዘበኛ ነኝ በሉ። የጾሙን ሰዓት የሚወስኑላችሁ እሳቸው ናቸው። ለራስ ሕግ አውጥቶ በሦስተኛው ቀን ከማፍረስ ይህ ይሻላል።

ንባብን በተመለከተ ጾሙ የነቢያት ነውና ነቢያት ይነበቡ። በቀን ሁለት ምዕራፍ የሚሆን አከፋፈል ይኸውና። ትንቢተ ኢሳይያስ 66 ምዕራፍ ነው፤ ኅዳር 15 ተጀምሮ ታኅሣሥ 17 ያልቃል። ከዚያ ሚክያስ 7፣ ዕንባቆም 3፣ ሚልክያስ 4 ምዕራፍ እስከ ታኅሣሥ 24። ታኅሣሥ 25 ማቴዎስ 1 እና 2፣ ታኅሣሥ 26 ሉቃስ 1 እና 2። ታኅሣሥ 27 እና 28 ባዶ ይቀራሉ፤ ላመለጠ ቀን መካሻ ናቸው። በዚህ አከፋፈል ስለ እውነተኛ ጾም የሚናገረው ኢሳይያስ 58 ታኅሣሥ 13 ላይ ይደርሳል፤ ሰው መሰልቸት በሚጀምርበት ጊዜ ማለት ነው። ቤተ ልሔም የተጠራችበት ሚክያስ 5 ደግሞ ታኅሣሥ 20 ላይ። ታኅሣሥ 19 ትንቢተ ዳንኤል 3 ይጨመር፤ የሠለስቱ ደቂቅ ታሪክ ነው።

ሁለት ምዕራፍ የሚከብደው ከኢሳይያስ 1–12 እና 40–55 ያንብብ። ዳዊት የሚደግም ሰው የዕለቱን ክፍል አይተው፤ ነቢያቱን ዳዊቱ ላይ ይጨምር እንጂ በዳዊቱ ቦታ አይተካ።

ጦስኝ (መሐል ሜዳ)

ስለ ሽሮው እኔ ልመልስ። ለአንድ ሰው በአንድ ማዕድ 50 ግራም ደረቅ ሽሮ ይበቃል። አምስት ሰው በቀን አንዴ ቢበላ 250 ግራም፣ በ44 ቀን 11 ኪሎ ነው። እንግዳና ዝክር ስለማይቀር 13 ኪሎ አስፈጩ። ከዚህ በላይ ግን አታብዙ፤ ቅመም የገባበት ሽሮ ሲቆይ ሽታው ይሄዳል።

በእኛ በደጋው ባቄላና አተር ይበዛል፤ ከቆላ ሽምብራ ካገኛችሁ ቀላቅሉ። ለ10 ኪሎ 5 ኪሎ አተር፣ 3 ኪሎ ሽምብራ፣ 2 ኪሎ ባቄላ ጥሩ ነው። ባቄላው ሲበዛ ሽሮው ይከብዳል፣ ሆድም ይነፋል። እህሉ ተለቅሞ ይታመስ፣ ይከካ፣ ገለባው በደንብ ይበጠር። ገለባ የቀረበት ሽሮ ሲሠራ ይሻክራል፣ ቀለሙም ይጠቁራል። ሲታመስ እሳቱ መጠነኛ ይሁን፤ ያረረ እህል መራራነቱን በርበሬ አይሸፍነውም።

ለ10 ኪሎ ክክ 1 ኪሎ ተኩል የተቀነጠሰ በርበሬ፣ ግማሽ ኪሎ ነጭ ሽንኩርት፣ ሩብ ኪሎ ዝንጅብል፣ አንድ አንድ እፍኝ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ በሶብላ፣ ጦስኝ። ጨው ወፍጮ ላይ አትጨምሩ። እርጥበት ይስባል፣ አዮዲኑም እየቀነሰ ይሄዳል፤ ወጡ ሲወርድ ጨምሩት።

አብዛኛው ሽሮ የሚበላሸው በነጭ ሽንኩርቱና በዝንጅብሉ ነው። ተወቅጠው ፀሐይ ላይ ሲሰጡ ላያቸው ይደርቅና ውስጣቸው እርጥብ ይቀራል። ወፍጮው ላይ ይጣበቃሉ፣ በሁለተኛው ሳምንት ሽሮው ይሻግታል። ሲሰበሩ ቀጭ እስኪሉ ይድረቁ። የኅዳር ፀሐይ ጠንካራ ናት፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው፤ ጠዋት ያወጣችሁትን ሳይመሽ አስገቡ፣ አለዚያ የቀኑ ድካም ሌሊት በጤዛ ይጠፋል። ኅዳር 3 ከተሰጣ ኅዳር 8 ወይም 9 ወፍጮ ቤት ይደርሳል። ከዚያ በኋላ አዲስ እህል የሚያስፈጨው ሰው ስለሚበዛ ወረፋው ይረዝማል። ከወፍጮ የመጣ ዱቄት ትኩስ ነው፤ ሰፌድ ላይ በትኖ ሳያበርዱ ዕቃ ውስጥ መክደን ወርዛት ያመጣል።

የእነዋሪ ገበሬ

እትዬ ጦስኝ እግዜር ይስጥልን። እኔ ስለ አጨዳው ልጨምር። ጾሙ የሚገባው ስንዴውና ምስሩ ማሳ ላይ ሳለ ነው፤ ሽምብራውና ጓያው ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ ይደርሳል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ሥራውን በፀሐይ መደርደር አለበት።

ምስር ማለዳ ጤዛው ሳይለቅ ይነቀላል። ከረፈደ ፍሬው ከቆባው ይፈነጠራል፣ ምርቱ ማሳ ላይ ይቀራል። ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ንቀሉ፤ ገላም ገና አልደከመም። ውቂያ የተገላቢጦሽ ነው፤ ነዶው ካልደረቀ ፍሬው አይለቅም። ከ4 ሰዓት በፊት በሬ ውድማ ላይ ማስገባት በሬውንም ሰውንም በከንቱ ማድከም ነው። ከ4 እስከ 8 ሰዓት ውቁ፣ 8 ሰዓት ላይ ንፋሱ ሲነሳ አመርቱ፣ 9 ሰዓት ማዕድ።

ደቦ የሚጠሩ ሰዎች የሚሳሳቱት አጨዳውንና ውቂያውን በአንድ ቀን ሲያደርጉት ነው። ጾመኛ ሰው ሁለቱን አይችልም። የደቦውን ቀን ቅዳሜ ማድረግም ይቻላል፤ ቅዳሜ ከጥሉላት (ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል) እንጂ ከሰዓት አይጾምም፣ ሰው ጠዋት በልቶ ይወጣል። ቅዳሜን ሰንበት አድርገው የሚያከብሩ አጥቢያዎች ስላሉ ግን ደብራችሁን ጠይቁ።

ለደቦው ምግብ ቆሎ ብቻ አታቅርቡ፤ ውኃ ለጠማው ሰው ደረቅ ቆሎ መከራ ነው። መጀመሪያ ተልባ ወይም በሶ በውኃ ተበጥብጦ ይቅረብ፣ ከዚያ ንፍሮ፣ ከዚያ እንጀራ በሽሮ። ጠላው ከምግብ በኋላ ይምጣ። በባዶ ሆድ የተጠጣ ጠላ ያሰክራል፣ የሰከረ ሰው ማጭድ ይዞ ይጎዳል፤ ጾሙም በስካር ይፈርሳል።

በርካሽ ስለሚገኝ እኛ ዘንድ የጓያ ሽሮም ይሠራል፤ የሌለው እሱን ይጠቀም።

ነርስ ዘደብረ ሲና

ጋሼ፣ ስለ ሰዓቱ የጻፉት ሁሉ መልካም ነው፤ ስለ ጓያው ግን አደራ። ጓያ ውስጥ ነርቭን የሚጎዳ ንጥረ ነገር አለ። በየቀኑ ዋና ምግብ ሆኖ ለሁለት ለሦስት ወር ከተበላ እግርን ያሽመደምዳል፤ ጉዳቱ አይመለስም። ወጣት ወንዶችና ጉልበት የሚያወጡ ሰዎች ይበልጥ ይጠቃሉ፤ ማለትም አጫጆቹ ራሳቸው። ጾም ሲሆን ሌላው ምግብ ስለሚቀንስ የጓያው ድርሻ ይጨምራል።

ከመጠቀም የማትቀሩ ከሆነ ክኩን በብዙ ውኃ አንድ ሌሊት ዘፍዝፉ፣ ውኃውን ድፉ፣ በአዲስ ውኃ አፍልታችሁ እሱንም ድፉ፤ ከዚያ አድርቃችሁ አስፈጩ። ይህ መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ማመስ ብቻውን አይበቃም። ከሽሮው ሲሶ በላይ ጓያ አይሁን፣ በየቀኑም አይበላ፤ ከስንዴ፣ ከገብስና ከጤፍ ጋር ይፈራረቅ። በጓያ ቂጣና በጓያ ንፍሮ ላይ የጓያ ሽሮ መደራረብ በጣም አደገኛ ነው።

ሌላው ስለ መድኃኒት። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ሰዓት መጾም ከፈለገ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር፤ መርፌውን ወስዶ ሳይበላ መቆየት ስኳሩን አውርዶ ራሱን ሊያስተው ይችላል። የሳንባ ነቀርሳና የኤችአይቪ መድኃኒት በምንም ምክንያት አይቋረጥም፣ ሰዓቱም አይዛነፍም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ ሕፃናትና የታመሙ ሰዎች ራሳቸውን ጾም እንዳፈረሱ ቆጥረው አይፍሩ፤ ዲያቆን እንዳሉት ካህኑን ያነጋግሩ።

ለጤነኛ አዋቂ 44 ቀን ከሥጋና ከወተት መለየት አይጎዳም። ድካም የሚያመጣው ብዙ ጊዜ የውኃ ማነስ ነው፤ ማታ ከማዕድ እስከ መኝታ ቀስ እያላችሁ ጠጡ። ቡናና ሻይ ከሽሮውና ከምስሩ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይቀበለው ስለሚያግዱ ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ ይጠጡ። ጎመን ላይ ሎሚ መጭመቅ ደግሞ ብረቱን ያግዛል።

ሸንኮራ (አረርቲ)

እንደ ምዕራባውያን አራት ሻማ እያበሩ በየእሑዱ መቁጠር ለልጆች ጥሩ አይሆንም ወይ? ልጆች 44 ቀን ሲባል አይታያቸውም።

ዲያቆን ዘአንኮበር

እህቴ ሸንኮራ፣ እነሱ ከታኅሣሣቸው 25 በፊት ያሉትን አራት እሑዶች ይቆጥራሉ፤ የእነሱ ሥርዓት ነው። የእኛው ዘመነ ስብከት የራሱ ሦስት እሑዶች አሉት፤ ለልጅ ለማስረዳት ከእነሱ የሚቀል የለም። ከታኅሣሥ 7 እስከ 13 የሚውለው እሑድ ስብከት፣ ከ14 እስከ 20 ብርሃን፣ ከ21 እስከ 27 ኖላዊ ይባላል። በ2019 ታኅሣሥ 11፣ 18 እና 25 ላይ ይውላሉ። በስብከት ነቢያት ይመጣል ብለው የሰበኩት፣ በብርሃን ጨለማውን የሚያርቀው፣ በኖላዊ በጎቹን የሚጠብቀው እረኛ ይታሰባል። ምስባኮቹን (ከወንጌል በፊት የሚሰበኩትን የዳዊት መዝሙር ጥቅሶች) ማታ ማታ አስጠኗቸው። የብርሃኑ «ፈኑ ብርሃነከ ወጽድቀከ» መዝሙር 42 ነው፤ የኖላዊው «ኖላዊሁ ለእስራኤል አጽምእ» መዝሙር 79። በአዲሱ አቆጣጠር 43 እና 80 ይሆናሉ፤ መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ ስታጡት አትደናገጡ። አንድ ሳምንት ለአንድ ምስባክ ይበቃል፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሰበክ ልጁ ያውቀዋል፣ ደስታውም ከዚያ ይመጣል።

የሦስቱን ቀን ነገርም ንገሯቸው። በ10ኛው መቶ ዘመን የእስክንድርያው ፓትርያርክ አብርሃም ሶርያዊ ሕዝቡን ሦስት ቀን አጹመው በስምዖን ጫማ ሰፊው ጸሎት የሙቀጠም ተራራ የተነሣበት ታሪክ ነው። ልጅ ይህን ሰምቶ አይረሳም።

ዘጠባሴ

አባባሌን ያሟላችሁልኝን ሁሉ አመሰግናለሁ። ምጽዋትን ማንም አላነሳውምና እኔ ላንሳው። በጾሙ የሚቀረው የእንቁላል፣ የወተትና የሥጋ ወጪ ለቤቱ ትርፍ ሆኖ መቅረት የለበትም። የአንድ ተራ ሳምንት የጥሉላት ወጪ ኅዳር 14 ይጻፍ፣ ያው ገንዘብ በየሳምንቱ ቅዳሜ ለብቻ ይቀመጥ። መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ከመስጠት በየሁለት ሳምንቱ መስጠት ይሻላል። ደብረ ብርሃን ውስጥ በመጠለያ ላሉ ተፈናቃዮች በታኅሣሥ ውርጭ ከሁሉ የሚቸግረው ብርድ ልብስ ነው፤ ለልደት ሳምንት ከቆየ ውርጩ ግማሹን ሥራውን ሠርቶ ነው የሚደርሰው። እህል የምትሰጡ ደግሞ አስፈጭታችሁ ስጡ፤ ለወፍጮ የሚከፍል የሌለው ሰው አለ።

እትዬ ጦስኝ፣ ስልጆውንም ቢጽፉልን? እዚህ ብርዱ ላይ አልቦካ እያለ ያስቸግራል።

ጦስኝ (መሐል ሜዳ)

ስልጆ ለጾም ትልቅ እርዳታ ነው፤ ሽሮ ሲሰለች እንጀራን ያስበላል። ለአንድ ኩባያ የባቄላ ዱቄት አራት ኩባያ የሱፍ ውኃ ያዙ። ሱፉ ለስለስ አድርጎ ታምሶ ይወቀጥ፣ በውኃ ታሽቶ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለል። ባቄላው ታምሶ ተከክቶ የተፈጨ ይሁን። ዱቄቱን በቀዝቃዛው የሱፍ ውኃ በጥብጡት፤ የፈላ ላይ ከጨመራችሁት ይጓጉላል። እያማሰላችሁ እንደ ቀጭን ገንፎ እስኪሆን አብስሉት።

ዘጠባሴ የጠየቅኸው ችግር እዚህ ላይ ነው። ሰናፍጩ ትኩሱ ላይ ከገባ ኃይሉ ይሞታል፤ ስልጆው አይነድም፣ በቅጡም አይቦካም። ጣት ሲነከር ለብ እስኪል ይብረድ፣ ከዚያ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ሰናፍጭ፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቂት ዝንጅብልና አንድ ዘለላ ጤና አዳም ይግባበት። ካለፈው የተረፈ ስልጆ ካለ አንድ ማንኪያ እርሾ አድርጉት። በቆላ በሦስት ቀን ይደርሳል፤ በደብረ ብርሃንና በመንዝ ብርድ እስከ ሳምንት ይፈልጋል። ዕቃውን በብርድ ልብስ ጠቅልላችሁ ምድጃ አጠገብ አሳድሩት፤ ውርጭ ያለበት ጓዳ ወለል ላይ አታስቀምጡ። ሲጨለፍ ማንኪያው ደረቅ ይሁን። ኅዳር 7 ከተሠራ ለኅዳር 15 ይደርሳል። አንዴ ብዙ ከመሥራት በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ሥሩ።

ለልደት የሚጠመቀው ጠላም በዚሁ ብርድ ይዘገያል፤ ጌሾው ታኅሣሥ 10 ገደማ ይነከር። ቅቤ ማንጠሩንና ቅመሙን ከታኅሣሥ 20 በፊት ጨርሱት፤ በመጨረሻዎቹ ቀናት ቤቱ ቅቤ ቅቤ እየሸተተ መጾም ልጆችን ይፈትናል።

የእነዋሪ ገበሬ

ነርሷ ስለ ጓያ የነገሩንን ለጎረቤት እናዳርሳለን፤ ተባረኩ። ዲያቆን፣ አንድ ጥያቄ፦ ልደት ሌሊት ለሚቆርብ ሰው የመጨረሻው ምግብ መቼ ነው? ልደት ረቡዕ ወይም ዓርብ ሲውልስ?

ዲያቆን ዘአንኮበር

ጋሼ፣ ከቁርባን በፊት 18 ሰዓት ከምግብና ከመጠጥ ይጾማል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሚቆርብ ሰው ወደ ኋላ ሲቆጥር ታኅሣሥ 28 ጠዋት 3 ሰዓት ይደርሳል። ያ ቀን ገሃድ ስለሆነ ጠዋት አይበላም፤ ስለዚህ የመጨረሻው ማዕድ ታኅሣሥ 27 ማታ ነው። በዚያ ማታ በደንብ ይበሉ፣ ውኃም ይጠጡ። ታኅሣሥ 28 ከባድ ሥራ አይያዙ፣ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ይተኙ። እርድና ቅርጫ ያለበት ቤት የሚቆርቡትን ሰዎች ከዚያ ሥራ አስቀድሞ ያውጣ፤ ብዙ ሰው ቀኑን ሲሮጥ ውሎ ቅዳሴው ላይ ቆሞ መጽናት ያቅተዋል።

ልደት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል ይበላል፤ ገሃዱ የተሠራው ስለዚህ ነው፣ ዋዜማው በምትኩ ይጾማል። በ2018 ረቡዕ ውሎ ነበር። በ2020 ደግሞ ዓርብ ይውላል። ዘመነ ዮሐንስ ስለሆነ ግን ቀኑ ታኅሣሥ 29 ሳይሆን 28 ይሆናል፤ ጳጉሜን በ2019 መጨረሻ 6 ስለምትሆን ነው። የጾሙን መግቢያም የንባቡንም አከፋፈል በዚያ ዓመት ከአጥቢያችሁ ካህናት ጋር አስተካክላችሁ ያዙ።

ነርስ ዘደብረ ሲና

ከቅዳሴ መልስ ስለሚፈታው ጾም አንድ ነገር ብቻ። ሆድ 44 ቀን ቅቤ አላየም፤ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ዶሮ ወጥ በቅቤ እስኪጠግቡ መብላት ማስታወክና ተቅማጥ ያመጣል፤ የሐሞት ጠጠር ያለበትን ሰው ደግሞ ክፉኛ ያመዋል። መጀመሪያ ተልባ ወይም አጥሚት፣ ከዚያ ትንሽ ወጥ በብዙ እንጀራ ይበላ፤ ጠግቦ መብላቱ ለምሳ ይቆይ። ጥሬ ሥጋ ለሁለተኛው ቀን ይለፍ፤ ሥጋው ኮሶ ካለበት የሚያድነው በደንብ ማብሰል ነው፤ በሚጥሚጣም በአረቄም አይሞትም።

ሸንኮራ (አረርቲ)

ዲያቆን፣ የብርሃኑን ምስባክ ዛሬ ማታ እንጀምራለን፤ ስብከቱስ የትኛው ነው?

ዲያቆን ዘአንኮበር

«ፈኑ እዴከ እምአርያም»፤ መዝሙር 143፣ በአዲሱ አቆጣጠር 144፣ ቁጥር 7። ቀድሞ የሚመጣው እሱ ስለሆነ በእሱ ጀምሩ እህቴ።